ራቭፎር ወይስ ግራንድ ቪታራ?

ጥያቄ፦ «ቤታችን አያት ነው። የእኔ ሥራ ሳሪስ፣ የባለቤቴ ሜክሲኮ። ሁለት ልጆች አሉን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ፣ ወደ ጉራጌ እንወርዳለን። እስከ እምድብር ያለው መንገድ አይከፋም፤ ከዚያ ወደ መንደራችን የሚወስደው 14 ኪሎ ሜትር ግን ጥርጊያ ነው፤ በመስከረም ጭቃው አይጣል ነው። ያጠራቀምነው ገንዘብ ሁለት መኪና ላይ አድርሶናል። አንዱ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ራቭፎር ነው፤ 2.0 ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ‹ሞተር ያልተነካ፣ አዲስ ቀለም› የተባለለት። ሁለተኛው የ2007 ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ፣ 2.0 ማንዋል፤ እሱ በ100 ሺህ ብር ይበልጣል። ባለቤቴ ‹ቪታራ ጭቃ አይፈራም› ይላል፤ ወንድሜ ‹ቶዮታ ስትሸጠው አያከስርም› ይላል። የትኛውን እንግዛ? ለማየት ስንሄድስ ምኑን እንይ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ቁርጡን አስቀድመን እንንገርዎ። ለእናንተ ኑሮ የሚስማማው ራቭፎር ነው። ያገኛችሁት የ2003ቱ አውቶማቲክ ግን ከታች የምንጽፋቸውን ሁለት ፈተናዎች ካላለፈ ሌላ ራቭፎር ፈልጉ፤ ካጣችሁም ወደ ቪታራው ዙሩ። የወንድምዎ ምክር ስለ መሸጫ ቀን ነው፣ የባለቤትዎ ደግሞ በዓመት ስለሚገጥማችሁ ጥቂት ቀን። መኪናው ዕድሜውን የሚያሳልፈው ግን በአያትና በሳሪስ መካከል ነው።

ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ስኮርታ ጎማቸውን የኋላ በራቸው ላይ ተሸክመዋል፣ ከመሬት ያላቸው ከፍታም 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሥር ግን ለየቅል ናቸው። ከ2000 እስከ 2005 (የመኪኖቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የተመረተው ራቭፎር ሞተሩ እንደ ኮሮላ በአግድም የተቀመጠ ከፍ ያለ የቤት መኪና ነው። በፊት ጎማ ብቻ ከሚገፋው ዓይነት በቀር አራቱ ጎማዎች ሁልጊዜ ይገፋሉ፤ መሀል ላይ ያለ ዲፈረንሻል ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ያካፍላል፤ አንዱ ወገን ሲንሸራተት ቪስከስ ካፕሊንግ የሚባለው፣ ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ያለበት ክፍል፣ ይይዘዋል። ሎክም (የፊትና የኋላ ጎማዎችን እኩል እንዲዞሩ የሚያስር) ሎውም (ጉልበት የሚጨምር የዝግታ ማርሽ) የለውም። በ2005 የመጣው ግራንድ ቪታራ ደግሞ ሞተሩ በቁመት የተቀመጠ፣ ከአካሉ ጋር የተበየደ የሻንሲ ብረት ያለው መኪና ነው። እሱም ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ይገፋል፣ ነገር ግን ሎክና ሎው አለው። ልብ ይበሉ፤ ሁሉም ቪታራ ይህ የለውም። በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋም፣ ሎው የሌለውም ተሠርቷል። የሚያዩት መኪና ዳሽቦርድ ላይ ኤን፣ 4ኤች፣ 4ኤች ሎክ፣ 4ኤል ሎክ የሚል ማዞሪያ ከሌለ ተጨማሪውን 100 ሺህ ብር የሚከፍሉበት ዋናው ምክንያት የለም ማለት ነው።

ይህ ብረት ክብደት አለው። ቪታራው ከራቭፎር በ200 ኪሎ ገደማ ይበልጣል፣ ሞተሩ ደግሞ ያንሳል፦ የራቭፎር 2.0 ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት፣ የቪታራው 2.0 ደግሞ 140 ነው። ቁጥሩ የተለካው በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ያጣል። ስለዚህ እዚህ ቪታራው 110 አካባቢ ጉልበት ይዞ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ሁለት ቶን ሊጠጋ የሚችል ነገር ይጎትታል። ለዚህ ነው ዳገት ላይ ሾፌሩ ማርሽ እያወረደ ቤንዚን የሚረግጠው። በከተማ መጨናነቅ ራቭፎሩ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ11 እስከ 13 ሊትር፣ ቪታራው ከዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ጨምሮ እንዲጠጣ ይጠብቁ። 2.4 ሊትሩ ቪታራ በጉልበት የተሻለ ነው፤ እናንተ ያገኛችሁት ግን እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ጭቃው። 14 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ 28 ነው። ፋሲካ ላይ መንገዱ ደረቅ ከሆነላችሁ ጭቃው በዓመት 28 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሥራ መመላለሱ በዓመት ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ደግሞም ሎው የሚጠቅመው ሰዎች እንደሚያስቡት ጭቃ ውስጥ እንዳይንሸራተቱ አይደለም። ቀጥ ያለ ዳገትና ቁልቁለት በዝግታ ለመሄድ፣ በማንዋል መኪና ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን እንዳይቃጠል ነው። ጭቃ ላይ የሚሠራው ጎማ ነው። ጥርሱ ያለቀ የአስፋልት ጎማ ያሰረ ቪታራ ሎክም ሎውም እያለው ይተኛል፤ አዲስ ባለ ጥርስ ጎማ ያሰረ ራቭፎር ያልፋል። ባለቤትዎ ትክክል የሚሆኑት መንገዱ በከባድ መኪና ጎማ ተቦርቡሮ ቦዩ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ራቭፎሩ በሆዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲቀርም ቪስከስ ካፕሊንጉ እስኪይዝ ድረስ ያ ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል። መንደሩ ውስጥ ያሉ ዘመዶችዎ መስከረም ላይ የቤት መኪና ይደርሳል ወይስ ላንድክሩዘር ብቻ የሚለውን ይንገሩዎት። ዶልፊን ሚኒባስ የሚደርስበት ቦታ ራቭፎር ይደርሳል።

ለጭቃው መንገድ ሲደርሱ የጎማውን ንፋስ ከ30 ወደ 22 ያውርዱ፤ ጎማው ይሰፋል፣ ይይዛል። አስፋልት ላይ ሲመለሱ እምድብር ጎሚስታ ዘንድ ቆመው መልሰው ያስነፉ፤ በ22 ንፋስ በፍጥነት የሚሄድ ጎማ ጎኑ ይግላል፣ ይፈነዳል።

አሁን ወደ ፈተናዎቹ። ራቭፎሩን በተመለከተ ሁለት ነገር ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ አንዱ ለዚህ ሞዴል ዓመት የታወቀ ችግር ነው፣ ሌላው የሞተሩ።

የመጀመሪያው የአውቶማቲክ ካምቢዮው ኮምፒውተር ነው። ከ2001 እስከ 2003 በተመረቱ አውቶማቲክ ራቭፎሮች ላይ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ውስጡ ያሉ ብየዳዎች በሙቀት ብዛት ይላቀቃሉ። ሲላቀቁ ማርሽ የሚቀይሩት ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች) ትክክለኛውን ትእዛዝ አያገኙም፤ መኪናው ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር ከኋላ እንደ ተመታ ይደነግጣል፣ ወይም ሪቨርስ ሲያስገቡት ያንኳኳል። ችግሩ ሲሞቅ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ሻጩ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ብቻ አዙሮ «ይኸው፣ ቅቤ ነው» የሚለው። እርስዎ ግን ቢያንስ 40 ደቂቃ ይንዱት፤ መጨናነቅ ውስጥ ይቁም፣ ቀለበት መንገድ ላይም ይሩጥ። ከሞቀ በኋላ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቆመው ፍሬን ረግጠው ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ፣ እየቀያየሩ በየመሀሉ ሦስት ሰከንድ ይጠብቁ። ማርሹ ሲገባ መኪናው ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ዘሎ መምታት ግን የለበትም። ከዚያ ጋራዥ ወስደው በዲያግኖስቲክ ማሽን ያስነብቡት። ፒ0750 ወይም ፒ0755 ከወጣ የሶሌኖይድ ትእዛዝ ችግር ነው። ማሽኑ ምንም ካላሳየ ደግሞ መካኒኩ «ሪዲነስ» የሚለውን ገጽ እንዲከፍት ይጠይቁ። ብዙዎቹ ምርመራዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርብ ተደምስሷል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ተመልሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጋራዦች በተደጋጋሚ የሚስቱት ነገር አለ። መኪናው ሲደነግጥ ካምቢዮውን ያወርዱና ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ሌላ ያመጣሉ። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ነበረ ነው፤ አዲስ የገባውንም ካምቢዮ ሊያበላሸው ይችላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጓንት መያዣው ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ወጥቶ በኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ እንደገና ይበየዳል ወይም ይቀየራል፤ መኪናው እየተነዳ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ካምቢዮው የሚፈረድበት። ሻጩ «ኮምፒውተሩ ተሠርቷል» ካለ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው፣ ማስረጃ ካለው። ካምቢዮው ተቀይሯል ብቻ ካለ ግን ለምን እንደ ተቀየረ ይጠይቁ።

የካምቢዮውን ዘይት ሲያዩ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ የዘይት መለኪያ ዱላውን ይሳቡ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጡ ያሉት ሸራዎች እየተበሉ ነው። የሚገባው ዘይት የቶዮታ ቲ-ፎር ነው። «ሁለንተናዊ» የሚል ዕቃ ላይ የተጻፈ ዘይት ተጨምሮበት ከሆነ አንዳንዴ መደንገጡ ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና የሞተሩ ቴስታታ (ብሎኩን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ቡሎኖች ናቸው። የዚህ ራቭፎር 2.0 ሞተር መለያው 1ኤዜድ-ኤፍኢ ነው። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ቴስታታውን የሚያስሩት ቡሎኖች የሚገቡበት ክር፣ በተለይ በኋላ በኩል ወደ ተሳፋሪው ግድግዳ ያሉት፣ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይበላል። ቡሎኑ ላልቶ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) በዚያ በኩል መያዝ ያቅተዋል፣ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። መሬት ላይ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ ትኩሱ ብረት ላይ ይደርቃል። ባለቤቱ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ይጨምራል፣ «ትንሽ ውሃ ትወዳለች» ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ዳገት ላይ ያፈላል።

ለመፈተሽ ሻጩን አንድ ቀን አስቀድመው ይንገሩት፦ ጠዋት 1 ሰዓት እንመጣለን፣ ሞተሩን አታስነሣ። ሲደርሱ ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያድርጉ፤ ለብ ካለ አሞቆ ጠብቆዎታል። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ፈጽሞ እንዳይነኩት። ውሃው አፉ ድረስ መሙላት አለበት። ንጹሕ ውሃ ወይም ዝገት ቀለም ካገኙ ለዓመታት ኩላንት አልገባበትም፣ ውስጡም ተበልቷል። ቀጥሎ ስልክዎን በካሜራና በመብራቱ ከሞተሩ ጀርባ፣ በሞተሩና በተሳፋሪው ግድግዳ መካከል፣ የጭስ ማውጫው የሙቀት መከላከያ ብረት በላይ ወደ ታች ያስገቡ። ቴስታታውና ብሎኩ የሚጋጠሙበትን መስመር በቪዲዮ ቀስ ብለው ይውሰዱ። መስመሩ ላይ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ብጫ የደረቀ ንጣፍ ካለ ያ ኩላንት ነው። ያ ቦታ ብቻ አዲስ ታጥቦ ሌላው አቧራ ከሆነም መጠርጠር ነው።

ሞተሩን ክዳኑ ክፍት እንደ ሆነ ያስነሡ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፣ የተያዘ አየር ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ሳያቋርጥ ቢንተከተክ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑን ይዝጉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ወደ እንጦጦ ዳገት ይንዱ። ማሞቂያው ዳገት ላይ ሳለ ድንገት ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ውሃው ጎድሏል። ላይ ደርሰው ሞተሩን ሳያጠፉ አሥር ደቂቃ ያቁሙ፤ ጌጁ ከመሀል ሳያልፍ ማራገቢያው በርቶ መጥፋት አለበት። ሲበርድ የመጠባበቂያው ጋን ውሃ ጠዋት ከነበረበት ምልክት ዝቅ ብሎ ከሆነ ያ ውሃ የትም አልጠፋም፤ ወጥቷል።

የራዲያተር ክዳን አዲስ አበባ ላይ ከሌላው አገር ይበልጥ ለምን እንደሚያስፈልግ በዚሁ አጋጣሚ እንንገርዎ። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት 82 አካባቢ ይከፈታል፣ ማራገቢያው ደግሞ የሚነሣው ውሃው ከ90 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው። የክዳኑ ጎማ ከተበላ ግፊት አይይዝም፣ ስለዚህ ማራገቢያው በወጉ ሳይጀምር ውሃው ይፈላል። ጥሩ ክዳን ከትክክለኛ ኩላንት ጋር የመፍላቱን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ በዚያው ቁጥር ይተኩት። ስንት ሞተር የወረደው በዚህች ክዳን ሰበብ ነው።

«ሞተር ያልተነካ» የሚለው ማስታወቂያ ለሌላ መኪና ያስደስት ይሆናል፤ ለዚህ ሞተር ግን እኛ የምንመርጠው በትክክል የተነካውን ነው። በትክክል ማለት ቴስታታው ወርዶ፣ አሥሩም የቡሎን ቀዳዳዎች በብረት ክር ተለብጠው፣ የቴስታታው ፊት በማሽን ተስተካክሎ፣ አዳዲስ ቡሎኖች ገብተው ማለት ነው። እነዚህ ቡሎኖች ሲታሰሩ ስለሚለጠጡ ሁለተኛ ማሰር አይመከርም። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ቡሎን አጥብቆ ማሰር የተበላውን ክር ይጨርሰዋል፤ መኪናው ለጥቂት ወር ደህና ይመስላል፣ ያኔ ነው ለገበያ የሚወጣው። ስለዚህ ሞተሩ ተሠርቷል የሚል ሻጭ ካገኙ ጋራዡን ይጠይቁ፣ ደውለው «ክሩን በብረት ለበጣችሁት ወይ?» ይበሉ። መልሱ «ጓርኒሲዮን ቀይረናል» ከሆነ መልሱን አግኝተዋል።

ከሁለቱ ፈተናዎች ሌላ ያለው ቀላል ነው። አራቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ራቭፎሩ 215/70 አር16 ወይም 235/60 አር16 ነው የሚያስረው። ፊት አዲስ ኋላ አሮጌ ከሆነ ዙራቸው ስለሚለያይ ቪስከስ ካፕሊንጉ ቀን ከሌት እየሠራ ይቃጠላል። ሰፊ ደረቅ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረው ቤንዚን ሳይረግጡ ይልቀቁት፤ ፍሬን እንደ ተያዘ እየታገለ ከቆመ ካፕሊንጉ ደርቋል። «አዲስ ቀለም» ላይ ደግሞ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹና የኋላ ጎማ ቅስቶች ላይ ያስኪዱ፤ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። በር ላይ የተደረገ ስቱኮ አያስጨንቅ፤ የራዲያተሩ ተሸካሚ ብረትና የፊት ሻንሲ ጫፍ ላይ አዲስ ብየዳ ካዩ ግን ይተዉት። አንዳንድ ራቭፎር በናፍጣ የሚሠራ ዲ-4ዲ ሞተር አለው፤ ኪሎ ሜትሩ ያምራል፣ ግን የታይሚንግ ቺንጋውና የናፍጣ ፓምፑ ወጪ ለናንተ ዓይነት የከተማ አነዳድ አይመከርም።

ቪታራውንም ያለ ምርመራ አይለፉት፤ ምናልባት እሱ ሊሆን ይችላል የሚቀርላችሁ። የሚጀመረው እዚህም ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ነው። የቪታራው 2.0 ሞተር ታይሚንጉ በሁለት ካቴና የሚሄድ ሲሆን የሚወጥራቸው የዘይት ግፊት ነው። ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ መወጠሪያዎቹ ይደነዝዛሉ፣ ካቴናው ይላላል። ሲነሣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚሰማ ኳኳታ ይታለፋል። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድም ከፊት ለፊቱ እንደ ብረት ሰንሰለት የሚንቋቋ ከሆነ ግን የፊት ክዳኑ ወርዶ ካቴናው፣ መወጠሪያውና መንሸራተቻው አንድ ላይ መቀየር አለባቸው። ካቴናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚሁ ጋር ዳይናሞውንና የመሪ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ መወጠሪያ ፑሊ ይፈተሽ፤ ከተሰነጠቀ ቺንጋው ያመልጣል፣ መሪውም በአንዴ ይከብዳል።

በቪታራ ላይ ይበልጥ የምንፈራው የፊት ዲፈረንሻሉን ነው። የፊት ጎማው ሁልጊዜ ስለሚገፋ ይህ ክፍል ዕረፍት የለውም፤ የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነም ትንሽ ልቅታ ቶሎ ያደርቀዋል። ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ባለው ውስጥ መስኮት ዘግተው ያዳምጡ። እግርዎን ከቤንዚን ሲያነሡ ድምፁ የሚቀየር ጩኸት ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ከዚያ መካኒክ ከሥር ገብቶ የመሙያውን ቡሎን ፈትቶ ጣቱን ያስገባ፤ ዘይቱ አፉ ላይ ካልደረሰ ጎድሏል፣ በጣቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ደግሞ ጥርሶቹ እየተበሉ ነው። ለዚህ ክፍል ሶማሌ ተራ ላይ ዩዝድ ማግኘት ከራቭፎር ዕቃ ይልቅ ያስቸግራል፤ የተገኘውም ምን ያህል እንደ ሠራ አይታወቅም።

የ4ኤል ማዞሪያውን አፈር ላይ ይሞክሩት። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ማዞሪያውን ተጭነው ያዙሩ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አቁሞ በርቶ መቅረት አለበት። ብልጭታው ካላቆመ ሎውን የሚያስገባው ትንሽ ሞተር ወይም ገመዱ ተበላሽቷል። ብዙ ባለቤቶች ለዓመታት ስለማይነኩት እዚያው ደርቆ ይቀራል፤ ሻጩ «አስፈልጎኝ አያውቅም» ካለ ያኔ ነው መሞከር ያለበት። ፍሪሲዮኑን ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ 40 ላይ እየሄዱ ቤንዚኑን በሙሉ ይርገጡ፤ የሞተሩ ዙር ከፍጥነቱ ቀድሞ ከሮጠ አልቋል። ኮረኮንች ላይ ከፊት የሚመጣ ድፍን ኳኳታ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ክንድ ቦኮላ ነው፤ እሱ ርካሽ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበት እንጂ መኪናውን አይተዉበት።

የመለዋወጫ ነገር ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ መልክ ይዟል። መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከከለከለ በኋላ፣ ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የጣለው ታክስ ከከበደ በኋላ፣ እነዚህ መኪኖች አዲስ ወንድም አይመጣላቸውም። ዩዝድ ዕቃ በአብዛኛው የሚመጣው እዚሁ ተጋጭተው ከሚፈርሱት ነው። ስለዚህ ብዛቱ ወሳኝ ነው፤ በከተማው ብዙ ራቭፎር ስላለ ብዙ ይፈርሳል፣ በርም መብራትም ካምቢዮም ይገኛል። ወንድምዎ ያሉት እውነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ቶዮታ የሚል ስም ስላለው ብቻ አይደለም። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አልጠየቁንም፤ ከአያት ሳሪስ ለሚመላለስ ሰው ግን መጠየቅ ያለበት ነበር እንላለን፣ ሌላ ጊዜ ይጻፉልን።

የትኛውንም ቢገዙ ከመኪናው ዋጋ አሥር እጅ አንዱን አስቀርተው ይያዙ። ራቭፎሩ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው ይህ ነው፦ የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው፣ 4.2 ሊትር ይገባል፣ ከዚያ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር፤ ኩላንቱ በሙሉ ታጥቦ ይቀየራል፣ ቴርሞስታቱና ክዳኑም አብረው፤ የካምቢዮው ዘይት ደግሞ በግፊት ማሽን ሳይሆን ከሥር በማፍሰስ፣ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ብቻ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና። በግፊት የሚታጠብ አሮጌ ካምቢዮ ውስጡ የተከማቸው ቆሻሻ ተነሥቶ ቀጫጭን መተላለፊያዎቹን ሊዘጋ ይችላል። ለጭቃው የሚሆነውን ጎማ መግዛቱ እስከ ነሐሴ ሊቆይ ይችላል፤ አራቱን በአንድ ጊዜ ይግዙ።

ወረቀቱን በተመለከተ ለራቭፎሩ አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ። የቴስታታ ቡሎኖቹ ክር የተበላበት ብዙ ራቭፎር ሞተሩ ከመጠገን ይልቅ በዩዝድ ተተክቷል። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ካለው ጋር በዓይንዎ ያገናዝቡ፣ ቆሻሻ ከሸፈነው በቤንዚን ጨርቅ ያስጠርጉት፤ የሻንሲ ቁጥሩንም እንዲሁ። መኪናው ፋይሉ ያለበት ቢሮ ሄደው ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ባንክም እንዳልያዘው ያረጋግጡ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና አለመሻሩን ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ያጣሩ። የሞተር ቁጥሩ ካልገጠመ ሻጩ ራሱ በራሱ ወጪ ሊብሬው ላይ አስመዝግቦ ይምጣ፤ «ስም ሲዞር አብረን እናስተካክላለን» ቢልዎት ቀብድ አይስጡ።